ስለ እንፋሎት ማፍያ፤ መዳብ ይሻላልን ወይስ ብረት?

ከወልድያ ተነሥቶ በስሪንቃ በኩል ወደ መርሳ የሚወርድ መንገደኛ የሚያየው የብርቱካን፣ የማንጎና የፓፓያ ተክል ለሀብሩ ወረዳ ሕዝብ ምን ያህል ሲሳይ እንደ ሆነ ለዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች ማስረዳት አያስፈልግም። ነገር ግን ፍሬው በአንድ ወራት በአንድነት ይደርሳል፤ በደረሰም ጊዜ ገበያው ይጠግባል፤ ዋጋውም ይወድቃል፤ ያልተሸጠውም በሣጥን ውስጥ እንዳለ ይበሰብሳል። ስለዚህ ባላገሮች በማኅበር ሆነው ፍሬውን ጨምቀው ወይም ቀቅለው ማርማላታ አድርገው ሊያቆዩት ቢያስቡ አሳባቸው የሚነቀፍ አይደለም። ጭማቂውን ለማሞቅ፣ ጠርሙሱንም በትኩሳት ለማንጻት ደግሞ የእንፋሎት ማፍያ፣ በተለምዶ ቦይለር የሚባለው ዕቃ፣ ያስፈልጋል።

የዚህ ዕቃ ግዢ ማመልከቻ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በወረዳው የእርሻ ሹም ጠረጴዛ ላይ ነው። ሻጩም አብሮ ይመጣና፣ መዳብ ከብረት ይልቅ ስምንት እጅ ሙቀት ስለሚያሳልፍ የመዳቡን ማፍያ የገዛ ሰው ማገዶውን ያተርፋል ብሎ ያስረዳል። ነገሩ ሲሰሙት እውነት ይመስላል። የፊተኛው ቃል እውነትም ነው፤ የኋለኛው ግን ከፊተኛው አይከተልም። ሹሙ ይህን ሳይለይ ፊርማውን ቢያኖር የማኅበሩ ገንዘብ ለማይረባ ነገር ይወጣል፤ ደግሞም ለማይረባው የወጣው ገንዘብ ለሚረባው ይጎድላል፤ በእንፋሎት ሥራ ላይ የሚረባው ነገር ሲጎድል የሚከፈለው ዋጋ የሰው ሕይወት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ምክንያቱን ከሥሩ ጀምረን እንገልጣለን።

አስቀድሞ ስለ ብረቶቹ ጠባይ እንናገር። የማናቸውም ነገር ሙቀት የማሳለፍ ችሎታ የሚሰፈረው እንዲህ ነው፤ ስፋቱ አንድ ካሬ ሜትር፣ ውፍረቱም አንድ ሜትር የሆነ ገበታ ይታሰብና፣ አንደኛው ፊቱ ከሁለተኛው በአንድ ዲግሪ ቢበልጥ በመካከሉ የሚያልፈው ሙቀት በዋት ይቈጠራል። በዚህ መስፈሪያ ንጹሕ መዳብ 390 ያህል፣ ለማፍያ የሚሆነው አረብ ብረት 50 ያህል፣ የማይዝገው ብረት 15 ያህል ነው። ከነዚህ ጋራ ሌሎች ሁለት ነገሮች ሊታወቁ ይገባል፤ ሻጩ ባይጠራቸውም በማፍያው ላይ መቀመጣቸው አይቀርምና። እነርሱም ውኃው የሚጥለው የኖራ ቅርፊትና እሳቱ የሚያኖረው ጥላሸት ናቸው። የኖራው ቅርፊት እንደ ጥንካሬው ቢለያይም 1 ገደማ ነው፤ ጥላሸት ደግሞ የአንድ ዐሥረኛ ገደማ ነው። እንግዲህ መዳብ ከአረብ ብረት ስምንት እጅ ገደማ ይበልጣል ማለት ሐሰት አይደለም።

ይሁን እንጂ ሙቀት ከእሳቱ ተነሥቶ ውኃው ዘንድ እስኪደርስ ሦስት ጕዞ አለበት። ፊተኛው ከትኩሱ ጢስ ወደ ብረቱ ፊት፣ ሁለተኛው በብረቱ ውፍረት ውስጥ፣ ሦስተኛው ከብረቱ ጀርባ ወደሚፈላው ውኃ ነው። አንድ መልእክተኛ ከመርሳ እስከ ወልድያ ያለውን 30 ኪሎሜትር ያህል መንገድ በአስፋልት በመኪና ሄዶ፣ ከወልድያ በኋላ ያለውን የደጋ አቀበት ግን ቀኑን ሙሉ በእግሩ የሚወጣ ነው እንበል። መኪናው ስምንት እጅ ቢፈጥንለት መልእክቱ ስንት ሰዓት ቀድሞ ይደርሳል? ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ የቀኑን ድካም የያዘው አቀበቱ ነውና። በማፍያ ውስጥም አቀበቱ ጢሱ ነው። ጢስና አየር ሙቀታቸውን ለብረት ለመስጠት እጅግ ዝግተኞች ናቸው፤ የሚፈላ ውኃ ግን ሙቀትን ከብረት ላይ ለመቀበል እጅግ ፈጣን ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ብረት፣ መዳብም ቢሆን አረብ ብረትም ቢሆን፣ አጭሩና ደልዳላው መንገድ ነው።

ይህን በቍጥር ማሳየት ይቻላል። ሙቀቱን የሚያዘገየውን እንቅፋት ሁሉ በአንድ ዓይነት መስፈሪያ ብንሰፍረው፣ ጢሱ በተለመደው ፍጥነት በብረቱ ፊት ሲያልፍ ያለው እንቅፋት 20,000 ያህል ቢሆን፣ በሚፈላው ውኃ በኩል ያለው 200 ያህል ነው። ውፍረቱ 6 ሚሊሜትር የሆነ የአረብ ብረት ገበታ እንቅፋቱ 120 ነው፤ በዚያው ውፍረት የመዳቡ 15 ብቻ ነው። ሲደመር ለአረብ ብረቱ ማፍያ 20,320፣ ለመዳቡ ማፍያ 20,215 ይሆናል። ልዩነቱ 105 ነው፤ ይኸውም ከመቶ ግማሽ ያህል ማለት ነው። ሻጩ የተናገረለት የስምንት እጅ ብልጫ፣ ሥራው ላይ ሲውል ከሁለት መቶ ፈልጥ ቢበዛ አንዱን ያተርፋል።

አሁን ደግሞ በዚያው መስፈሪያ ጥላሸቱንና ቅርፊቱን እንስፈር። አንድ ሚሊሜትር የኖራ ቅርፊት 1,000 ነው፤ አንድ ሚሊሜትር ጥላሸት 10,000 ነው። በመዳብ የተገኘውን ትርፍ አንድ ሚሊሜትር ቅርፊት ዘጠኝ ጊዜ ተኩል፣ አንድ ሚሊሜትር ጥላሸት ደግሞ ዘጠና አምስት ጊዜ ይበላዋል። ስለዚህ የብረት ማፍያውን ቱቦዎች በየሳምንቱ በብሩሽ የሚጠርግ ማኅበር፣ የመዳብ ማፍያ ገዝቶ ጥላሸቱን ከሚያከማች ማኅበር በማገዶም በጊዜም እጅግ ይበልጣል። የብሩሹም ዋጋ ይታወቃል።

በቤታችን ያለው የእንጀራ ምጣድ ይህንኑ ያስተምራል። ምጣዱ የሸክላ ነው፤ ሸክላም ሙቀት በማሳለፍ ከጠራናቸው ብረቶች ሁሉ ያንሳል። ምርጥ ምድጃ የሚባለው የማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ሲወጣ የሸክላውን ምጣድ በሌላ ነገር አልለወጠውም፤ እሳቱን በግድግዳ ከበበው፣ የአየሩን መግቢያና የጢሱን መውጫ ወሰነለት እንጂ። በዚህም ከሦስት ጕልቻ ጋራ ሲመዛዘን ማገዶውን እስከ ግማሽ ያህል ሊቀንስ ችሏል። ትርፉ የተገኘው ትኩሱ ጢስ ከምጣዱ ሥር ቶሎ እንዳያመልጥ በመደረጉ ነው። የማፍያ ሠሪዎችም ብልሃታቸው ይኸው ነው፤ ጢሱ በአንድ ሰፊ ዋሻ እንደ ልቡ ከሚሄድ ይልቅ በብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች ተከፋፍሎ፣ ሄዶም ተመልሶ፣ ፊቱን ለብረቱ ደጋግሞ እንዲያሳይ ያደርጉታል። የጢሱን አቀበት የሚያሳጥረው ይህ ነው። ማፍያ ሲመረጥ ከምን ብረት ተሠራ ከማለት አስቀድሞ ጢሱ ስንት ጊዜ ይመላለሳል፣ ጢሱ የሚነካው ስፋትስ ስንት ካሬ ሜትር ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ስለ ማገዶውም አንድ ቃል እንጨምር። ተቈርጦ ያልደረቀ ግንድ ከሚዛኑ ገሚሱ ያህል ውኃ ነው፤ እሳቱም ማፍያውን ከማሞቁ በፊት ይህን ውኃ ሲያተን ይደክማል። ደህና ሆኖ የደረቀ አንድ ኪሎ እንጨት፣ ከሙቀቱ ከመቶ 60 እጅ ያህሉ ለሥራ ቢውል፣ ሦስት ኪሎ ተኩል ገደማ እንፋሎት ይሰጣል፤ እርጥቡ ግን ሁለት ኪሎ እንኳ አይሞላም። ዛፍ ባነሰበት በሰሜን ወሎ ተራራ ሥር ይህ ልዩነት ከመዳብና ከብረት ጭቅጭቅ ሁሉ ይበልጣል። ለማገዶ ማድረቂያ ቆርቆሮ የለበሰ ዳስ ያልታሰበለት የማፍያ ማመልከቻ ቢመጣላችሁ አስተካክሉ ብላችሁ ብትመልሱት የሚያስወቅሳችሁ የለም።

ታዲያ መዳብ እንዲህ ጥቅሙ ጥቂት ከሆነ የቀድሞ ሰዎች ስለ ምን ማፍያ ሠሩበት? ተብሎ ይጠየቅ ይሆናል። ጥያቄው የሚገባ ነው። በፈረንጆች ቍጥር በ1829 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የተወዳደረችው ሮኬት የተባለች የእስቲቨንሰን ባቡር 25 የመዳብ ቱቦዎች ነበሯት፤ የእሳት ክፍሏም ከመዳብ ነበር። በዚያ ዘመን ይሠራ የነበረው የብረት ገበታ በውስጡ የብረት አር የተደራረበበት ስለ ነበር በኃይለኛ እሳት ፊት ልጡ ይነሣ፣ ያብጥም ነበር። መዳብ ግን ለስላሳና አንድ ወጥ ስለ ሆነ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ሳይሰነጠቅ ይታገሣል፤ በውኃም አይዝግም። የተመረጠበት ዋና ምክንያት ይህ ነው። ብረት የማቅለጥ ብልሃት ከተሻሻለ በኋላ አሜሪካኖች የባቡራቸውን የእሳት ክፍል በአረብ ብረት ሠሩ። እንግሊዞች መዳቡን በብዙዎቹ ባቡሮቻቸው ላይ እስከ እንፋሎት ዘመን ፍጻሜ አቆዩት። ጀርመኖች በአንደኛው የዓለም ጦርነት መዳብ ለጦር መሣሪያ ሲፈለግ በመዳቡ ፈንታ አረብ ብረት አገቡ፤ ባቡሮቹም መሮጣቸውን አልተዉም። በ1940ዎቹ ደግሞ ሉዊ አርማንድ የተባለው የፈረንሳይ የባቡር መሐንዲስ የማፍያውን ውኃ በመድኃኒት የማከም ብልሃት አወጣ፤ ከዚህም የተነሣ የባቡር ማፍያዎች ዕድሜ ረዘመ። ነገሩን የፈታው የብረቱ መለወጥ ሳይሆን የውኃው መታከም ነበር።

በእኛም አገር እንፋሎት እንግዳ ነገር አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ወደ አዲስ አበባ ያመጣው የእንፋሎት መኪና ለሕዝብ መተረቻ እስኪሆን ድረስ ስሙ ቀርቷል። ከጅቡቲ የተነሣውም የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ በናፍጣ እስኪተካም ድረስ ያን ደረቅ ቆላ ያቋረጠው በእንፋሎት ነበር። ከወልድያ አጠገብ ወደ ሐራ ገበያ እንዲደርስ ሥራው የተጀመረው የባቡር ሐዲድ ግን ለኤሌክትሪክ የታሰበ ነው፤ ስለዚህ በእኛ አውራጃ እንፋሎት የሚቀርልን ለማብሰልና ለማንጻት ሥራ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ከፍ ብሎ የቈጠርነው እንቅፋት ጢሱ ለሚያልፍባቸው ቱቦዎች ነው። ነበልባሉ ራሱ በቅርብ በሚያየው በእሳቱ ክፍል ግድግዳ ላይ ግን ሙቀቱ በጨረር ይወርዳል፤ በአንድ ካሬ ሜትር 150,000 ዋት ሊደርስ ይችላል። እንዲህ በሆነበት ቦታ መዳብ ይሻላል የሚለው ክርክር ጥቂት ኃይል ያገኛል፤ እስቲ እንመርምረው። መርሳ ላይ 3 ባር ግፊት የያዘ ማፍያ ውኃው 142 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ግድግዳው ንጹሕ ከሆነ የ6 ሚሊሜትር አረብ ብረት የእሳት ፊቱ ወደ 190 ዲግሪ፣ የመዳቡ ወደ 174 ዲግሪ ይደርሳል። ልዩነቱ 16 ዲግሪ ነው፤ ሁለቱም በደህና ይኖራሉ። በውኃው በኩል 2 ሚሊሜትር የኖራ ቅርፊት ቢጋገርበት ግን ያ ቅርፊት ብቻውን ወደ 300 ዲግሪ ይጨምራል። ያን ጊዜ አረብ ብረቱ 490 ዲግሪ፣ መዳቡም 474 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። አረብ ብረት ከ400 ዲግሪ ወዲያ መድከም ይጀምራል። መዳብ ግን ከ200 ዲግሪ ወዲያ ልፍስፍስ ይላል፤ በ474 ዲግሪ የሚተማመኑበት ጽናት አይቀርለትም። እንግዲህ ሙቀትን በማሳለፍ የታወቀው መዳብ፣ ቅርፊት የያዘ እንደ ሆነ፣ ቀድሞ እጁን የሚሰጠው እርሱ ነው።

በቀዝቃዛነቱም ሳለ ቢሆን ለስላሳ መዳብ ጽናቱ ከማፍያ አረብ ብረት ግማሽ ያህል ነው። አንድን ግፊት ለመቻል ውፍረቱ እጥፍ ሊሆን ይገባል ማለት ነው፤ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ስምንት እጅ የተባለው ብልጫ አራት እጅ ሆኖ ይቀራል። መዳብ በሚዛንም ይከብዳል። በኪሎ ዋጋው ከብረት ወደ ዐሥር እጥፍ ስለ ሆነ፣ እጥፍ ውፍረት ያለው የመዳብ ማፍያ ለብረቱ ብቻ ሃያ እጥፍ ያህል ያስወጣል ማለት ነው። ይህን ከከፈለ በኋላ ለግፊት መለኪያና ለማስተንፈሻ ቫልቭ ገንዘብ አነሰኝ የሚል ማኅበር ቢኖር እጅግ ያሳዝናል።

በፈረንጆች ቍጥር በ1865 ዓ.ም. በአሜሪካ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ሱልታና በተባለችው የእንፋሎት መርከብ ላይ ማፍያዎቿ ፈንድተው ከ1,100 የሚበልጡ ሰዎች አልቀዋል። ለጥፋቱ ምክንያት ተብለው ከሚቈጠሩት ዋናዎቹ፣ ያበጠው ብረት በጥድፊያ በስስ ልጣፍ መለጠፉ፣ ውኃው ማነሱና የወንዙ ድፍርስ ውኃ በማፍያው ውስጥ ጭቃ ማኖሩ ናቸው። እነዚህ ሦስቱም ነገሮች በትንሹ ማፍያ ላይም ይደርሳሉ። አንድ ሊትር ውኃ በወልድያ ከፍታ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ 2,000 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል፤ ማፍያው ሲቀደድ ያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወጣል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ እንድንናገር ያስፈልጋል። ባዶ የናፍጣ በርሜል አስበይዶ፣ ቱቦ ገጥሞ፣ ይህም እንፋሎት ይሰጣል ብሎ የሚያቀርብ ባለሙያ አይጠፋም። የበርሜል ክዳን ወርዱ 58 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ግፊቱ 1 ባር ብቻ ቢሆን ክዳኑን ከውስጥ የሚገፋው ኃይል 27 ኩንታል ያህል ሸክም ነው፤ 3 ባር ሲሆን ከ80 ኩንታል ያልፋል። የበርሜል ቆርቆሮ ለዚህ አልተሠራም። አፉ ክፍት ሆኖ ውኃ ሲፈላበት በርሜል የሚነቀፍ አይደለም፤ መርሳ ላይ ክፍት ውኃ በ95 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ለብዙ ማጠቢያ ሥራም ይበቃል። አፉ የተዘጋ በርሜል ግን በማናቸውም ምክንያት ሊፈቀድ አይገባም።

የሀብሩን ውኃ ጠባይ እናስብ። በዙሪያው ያለው ተራራ ጥቍር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ በዚህም ድንጋይ ውስጥ እየሰረገ የሚመጣ የከርሰ ምድር ውኃ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይዞ ይመጣል። ለመጠጥ ጉዳት የለውም፤ ሲፈላ ግን ኖራውን ይጥላል። የጕድጓድ ውኃ ዘወትር የሚፈላበትን ማንቆርቆሪያ ሥሩን ያየ ሰው ነጩን ቅርፊት ያውቀዋል። በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ የአንድ ግራም አምስተኛ ኖራ ቢኖር፣ በሰዓት 100 ኪሎ እንፋሎት የሚሰጥ ማፍያ በቀን ስምንት ሰዓት ቢሠራ 160 ግራም፣ በወር በ25 የሥራ ቀን 4 ኪሎ ኖራ በሆዱ ያስቀራል። ስፋቱ 5 ካሬ ሜትር በሆነ ብረት ላይ ይህ ሁሉ ቢጋገር በወር የአንድ ሚሊሜትር ሦስተኛ ያህል ይሆናል፤ በስድስት ወር 2 ሚሊሜትር ይሞላል። 2 ሚሊሜትርም ምን እንደሚያመጣ ከፍ ብለን ተናግረናል። የክረምት ጊዜ ከመርሳና ከግራና ጅረቶች የሚቀዳው ውኃ ደግሞ ኖራው ቢቀልም ጭቃው ይበዛል፤ ሳይረጋና ሳይጣራ ወደ ማፍያ ሊገባ አይገባም።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። አንደኛው የሰማይ ውኃ ነው፤ ዝናብ ኖራ የለውምና። ስፋቱ 100 ካሬ ሜትር በሆነ የቆርቆሮ ጣራ ላይ 10 ሚሊሜትር ዝናብ ቢወርድ 1,000 ሊትር ያህል ይገኛል፤ የመጀመሪያው ዝናብ የጣራውን አቧራ ካጠበ በኋላ ያለው በታንከር ቢጠራቀም ለማፍያ የሚሆን ደህና ውኃ ነው። ሁለተኛው፣ ሥራውን ጨርሶ የቀዘቀዘውን እንፋሎት መመለስ ነው። ይህ ውኃ የተጣራ ነው፤ ገና ትኩስም ስለ ሆነ ማገዶ ያተርፋል፤ ሜዳ ላይ ሲፈስ ማየት የሚያስቈጭ ነገር ነው። እርግጥ ነው፣ ፍሬው ውስጥ በቀጥታ የገባ እንፋሎት አይመለስም፤ በድርብ ድስት ግድግዳ ውስጥ አልፎ የሚወጣው ግን ሁሉ ይመለሳል። ሦስተኛው፣ ባለሙያ መጠኑን ወስኖ በሚሰጠው ሶዳ አሽ ወይም በውኃ ማለስለሻ ዕቃ ኖራውን ከማፍያው ውጭ ማስቀረት ነው። በማፍያው ውስጥ የሚረጋውም ጭቃ በየቀኑ በሥር ቧንቧው ጥቂት ውኃ በመልቀቅ ይወገዳል። ይህን የሚያደርግ ሠራተኛ ውኃው ከብርጭቆው ምልክት በታች እንዳይወርድ ዓይኑን ሊያነሣ አይገባም።

መዳብን ግን ጨርሰን እንደ ነቀፍን አይቈጠርብን። ለካቲካላ ማውጫ ቱቦው መዳብ ቢሆን ይመረጣል፤ በቀላሉ ይጠመዘዛል፣ ከመጠጡም ውስጥ መጥፎ ሽታ የሚሰጠውን የድኝ ነገር ይይዛል። ግፊት የሌለበት ስለ ሆነ ልስላሴው አይጎዳም። ለፍሬ መቀቀያ ድስት ግን ባዶ መዳብ አይስማማም፤ የብርቱካንና የሎሚ ኮምጣጣነት መዳቡን እያሟሟ ወደ ጭማቂው ያገባዋል፣ መዳብ የነካው ጭማቂም የፍሬውን ዋና ቪታሚን ቶሎ ያጣል። የጥንት ሰዎች የመዳብ ድስታቸውን ውስጡን በቆርቆሮ ያስለብሱት የነበረው በከንቱ አልነበረም። ለዚህ ሥራ የሚሻለው የማይዝገው ብረት ነው። ሙቀት በማሳለፍ ከሦስቱ የመጨረሻው ቢሆንም፣ ግድግዳው 3 ሚሊሜትር በሆነ ድርብ ድስት ከመዳብ ጋራ ሲመዛዘን የሚያጎድለው ከመቶ 6 ያህል ብቻ ነው፤ አቀበቱ እዚህም ሌላ ነውና፣ ይኸውም ወፍራሙ የፍሬ ልቁጥ ነው። ሳያቋርጥ የሚያማስል ሰው ወይም ማማሰያ ሞተር ይህን ስድስት በብዙ ያካክሰዋል።

ሌላም መጠንቀቅ አለ። የመዳብ ቱቦን በአረብ ብረት ማፍያ ውስጥ መግጠም፣ ሁለቱን ባንድ ውኃ ማኖር፣ የሁለቱን ጥቅም ያስገኛል ብሎ የሚመክር አለ። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ባንድ ውኃ ውስጥ ሲገናኙ ግን ብረቱ ቶሎ እየተበላ ጕድጓድ ጕድጓድ ያወጣል። ማፍያው አንድ ወጥ ይሁን።

እንግዲህ ማመልከቻ ሲቀርብ የሚመረመረው ይህ ነው። ማፍያው በገላው ላይ የሠሪው ስም፣ የተሠራበት ዓመትና የሚችለው ግፊት የተቀረጸበት ሰሌዳ አለውን? የውኃውን ልክ የሚያሳይ ብርጭቆና፣ ብርጭቆው ቢደፈን የሚተካ ሁለተኛ ማሳያ አለውን? ማስተንፈሻው ቫልቭ ግፊቱ ከተወሰነው ሲያልፍ ራሱ ይከፈታልን፣ ወይስ ሰው እንዳያፏጭበት ብሎ አስሮታል? ይህ የኋለኛው ቀልድ አይደለም፤ በየአገሩ ደርሷል። ሰው እጁን አስገብቶ ቅርፊቱን የሚፍቅበት በር አለውን? በር የሌለው ማፍያ ንጹሕ ሆኖ የሚኖረው ባዲስነቱ ብቻ ነው። በመጨረሻም ከመረከብ በፊት በቀዝቃዛ ውኃ ተሞልቶ ከሥራ ግፊቱ አንድ ጊዜ ተኩል ይፈተን። ፈተናው በአየር ከቶ አይደረግ፤ ውኃ ሲያመልጥ ይንጠባጠባል፣ የታመቀ አየር ግን እንደ ጥይት ይወረውራል። ፈተናውም ፈቃድ ባለው ባለሙያ ፊት ተደርጎ ወረቀቱ በወረዳው መዝገብ ይቀመጥ።

እሳቱን የሚጠብቀው ሠራተኛ ውኃው ከብርጭቆው የጠፋ እንደ ሆነ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። በድንጋጤ ቀዝቃዛ ውኃ መጨመር የለበትም፤ ውኃው በጋለ ብረት ላይ ሲወድቅ የሚነሣውን እንፋሎት ማፍያው ላይችለው ይችላልና። እሳቱን ያውጣ ወይም በአፈር ያፍነው፤ የአየሩን በር ይዝጋ፤ ሰዎችን ያርቅ፤ እስኪቀዘቅዝም ይጠብቅ። ይህ በአማርኛ በትልቅ ጽሕፈት ተጽፎ በማፍያው ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

የፍሬው ወራት ሲያልፍ ማፍያው ለወራት ሥራ ፈትቶ ይቆማል። አረብ ብረት ከመዳብ የሚያንስበት አንዱ ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ገሚሱ ውኃ ገሚሱ አየር ሆኖ ቢተው ዝገቱ በውኃው መስመር ላይ ዙሪያውን ይበላዋል። ስለዚህ ሥራው ባበቃ በሳምንቱ ውኃው ሁሉ ይፍሰስ፤ ቅርፊቱ ይፋቅ፤ ጥላሸቱና አመዱ ይጠረግ፤ እርጥበት የያዘ አመድ ብረት ይበላልና። ከዚያም በቀላል እሳት ውስጡ ደርቆ፣ በጨርቅ ከረጢት ያለ ያልተሟሸ ኖራ እርጥበቱን እንዲጠጣ በሆዱ ይቀመጥና በሮቹ ይዘጉ። በሚቀጥለው ወራት ውኃ ከመሞላቱ በፊት ኖራው እንዲወጣ፣ ያስቀመጠው ሠራተኛ በመዝገቡ ላይ ይጻፈው።